ፖስታ ቤት ወዴት እየሄደ ነው? የአባቴን ሳጥን ላድስ ወይስ ቁልፉን ልመልስ?

ባለቁልፉ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ነበረች፤ ሳሰላስላት እየሰፋች ስለሄደችብኝ ይዤያት መጣሁ።

አባቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከኮታቸው ኪስ ካገኘነው ነገር አንዷ የፖስታ ሳጥን ቁልፍ ናት። ሳጥኗን ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ነው የያዙት። ከዛ ወዲህ ቤት ቀይረናል፣ ቀበሌው ወረዳ ሆኗል፣ የቤት ቁጥራችን ሁለት ጊዜ ተለውጧል፣ ስልካችን ላይ ከፊት ቁጥር ተጨምሮበታል። ያቺ የሳጥን ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለችም። የሱቃቸው ማኅተም ላይ "ፖ.ሳ.ቁ." ተብላ እስከ መጨረሻው ቆየች።

ባለፈው ሐሙስ ሥራ ስለቀለለኝ ቸርችል ጎዳና ወርጄ ከፈትኳት። አቧራ ብቻ ነበር የጠበቅሁት። ያገኘሁት ግን ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር፣ ከባንክ የመጡ ሁለት ደብዳቤዎች እና አንድ የሰርግ መጥሪያ። ሙሽሮቹን አውቃቸዋለሁ። ልጃቸው ዘንድሮ ኬጂ ገብቷል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሆዴ ባባ። እኔ ራሴ ደብዳቤ በእጄ ጽፌ ቴምብር ከለጠፍኩ ስንት ዘመኔ ነው? ብር የምልከው በቴሌብር ነው። ሰነድ በቴሌግራም። እቃ ወደ ክፍለ ሀገር ከሆነ ለአውቶቡስ ረዳት፣ ከተማ ውስጥ ከሆነ ለሞተረኛ። ዓምና ለእህቴ የትምህርት ማስረጃ ወደ ውጭ የላክሁት እንኳ በግል ኩሪየር ነው፣ ዋጋው ጥርስ የሚያስነክስ ቢሆንም።

እና ጥያቄዬ፦ ኪራዩን ከፍዬ ሳጥኗን ላድስ ወይስ ቁልፉን ልመልስ? ትልቁ ጥያቄ ደግሞ፣ በዚህ ሁሉ ተፎካካሪ መሀል ፖስታ ቤት የሚባል ነገር ከ10 ዓመት በኋላ ይኖራል ወይ? ባይኖርስ ምን ይጎድልብናል? እኔ እንደሚመስለኝ ደብዳቤ ሞቷል፣ የዘገየው ቀብሩ ብቻ ነው። ከተሳሳትኩ አስረዱኝ። ስድብ ግን ይቅርብኝ።

ቀጥታ ተናጋሪ

ሽጡት። መሀል ከተማ ያለን ሕንፃ ለሆቴል ሰጥቶ በብሩ ሌላ ነገር መሥራት። አለቀ። ሳጥኗን ደግሞ መልስ፣ ለካላንደር ኪራይ አይከፈልም 😂

ጡረተኛው

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። "ሽጡት" ላልከው ልጅ ደግሞ እመለስበታለሁ።

እኔ በፖስታ ሥራ ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ አድልዎ አለብኝ፣ ከመጀመሪያው ልናገር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዐፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎቱን ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው። አድዋ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። አገሩ ባቡር የለው፣ አውቶሞቢል የለው። ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ዓይነት ነበሩ፣ ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ፤ ገሚሱ ላይ የንጉሡ ምስል፣ ገሚሱ ላይ አንበሳው። የሚገርመው ግን ቴምብሩ አልነበረም። ቴምብር ማተም ቀላል ነው። ችግሩ ቴምብሩ ሌላ አገር እንዲከበር ማድረግ ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው፤ ከዛ ወዲያ ነው አዲስ አበባ የተለጠፈ ቴምብር በርን ከተማም ቦምቤም ሌላ ሳይጨመርበት የሚያልፈው። አንድ መንግሥት ለሌላው "ያንተን ደብዳቤ እኔ አደርስልሃለሁ፣ የኔን አንተ አድርስልኝ" ያለበት ውል ነው። ዛሬም ያለው ያው ውል ነው። ከቻይና የምታዘዙት ትንንሽ ጥቅልም በፖስታ ሲመጣ በዚሁ መንገድ ነው የሚያልፈው።

ሳጥኑ ደግሞ ለምን እንደመጣ ታውቃላችሁ? በብዙ የዓለም አገር ፖስተኛው ቤት ለቤት ይዞራል። እኛ ጋ መንገዱ ስም የለው፣ ቤቱ ቁጥር የለው፣ ቢኖረውም አንተ እንዳልከው ይለዋወጣል። "ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ ሰማያዊ በር" ተብሎ ደብዳቤ አይላክም። (ለነገሩ ዛሬ ሞተረኛ የሚላከው እንደዛው ነው።) ስለዚህ ሰውየው ወደ ደብዳቤው እንዲመጣ ተደረገ። የአባትህ ሳጥን ባለ ቁልፍ አድራሻ ነበረች፣ ቤት ሲፈርስ አብራ የማትፈርስ።

አሁን ወደ ውድድሩ። ሰው ውድድር ትናንት የመጣ ይመስለዋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 769 የፖስታ አገልግሎትን ለመንግሥት ብቻ ከከለላቸው መስኮች ውስጥ ሲያስቀምጥ ኩሪየርን ነጥሎ ውጭ ትቶታል። ምን ማለት ነው? ደብዳቤው የመንግሥት፣ የሚያዋጣው ፈጣን መልእክት ለገበያው ክፍት። ቅቤውን ሌላ ወሰደ፣ አሬራው ፖስታ ቤት ቀረ። የግል ድርጅት ይህን ማድረጉ ኃጢአት የለውም፣ ነጋዴ ነው። ከቦሌ ወደ ለንደን የሚሄድ የባንክ ሰነድ ይፈልጋል፤ ከደብረ ታቦር ወደ አንዲት የገጠር ወረዳ የሚሄድ የጤና ጣቢያ ደብዳቤ አይፈልግም። ያንን የሚያደርስ ሰው ደመወዙ ከየት ይምጣ? ድሮ የሚመጣው ከቅቤው ነበር።

እና ልጄ፣ "ሽጡት" ስትል ሕንፃውን አሰብክ እንጂ ሕንፃው ያለበትን ከተማ አላሰብክም። ቸርችል ያለውን ሆቴል ታደርገዋለህ እንበል። ጎሬ ያለውን ምን ታደርገዋለህ?

ቀጥታ ተናጋሪ

ጋሼ ታሪኩ ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። ግን ለጎሬ ደብዳቤ ማን ጻፈ? እዚህ ካላችሁት መሀል ዘንድሮ ለጎሬ የጻፈ እጁን ያውጣ።

ጫማ በቴሌግራም

እጄን አውጥቻለሁ 🙋🏾‍♀️ ደብዳቤ አይደለም፣ ቁጥር 38 ጫማ ነው።

እኔ የሴት ጫማ በቴሌግራም ቻናል ነው የምሸጠው፣ ከመርካቶ አንሥቼ። ደንበኞቼ ከግማሽ በላይ ከአዲስ አበባ ውጭ ናቸው። ጅማ፣ ደሴ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ሰሞኑን ደግሞ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ከተሞች። ስለዚህ የፖስታ ቤት ተፎካካሪ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ቢጫ መኪና ያለው የውጭ ድርጅት እንዳይመስላችሁ። የአውቶቡስ ረዳት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማታ ጫማውን ከካርቶኑ አወጣዋለሁ፣ ካርቶኑ ቦታ ይይዛል እያሉ ስለሚያስከፍሉኝ። በፌስታል ጠቅልዬ፣ በማዳበሪያ ጨርቅ ሰፍቼ፣ የደንበኛዋን ስምና ስልክ በማርከር በትልቁ እጽፍበታለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ እገኛለሁ። ረዳቱን እለምናለሁ። ዋጋው እንደ ረዳቱ ፊት ነው፣ ታሪፍ ብሎ ነገር የለም። ስልኩን እቀበላለሁ፣ የአውቶቡሱን ታርጋ ፎቶ አነሣለሁ፣ ሁለቱንም ለደንበኛዋ እልክላታለሁ። ከዛ እሷ ደግሞ እዛ መናኸሪያ ትጠብቃለች። አውቶቡሱ 9 ሰዓት ይገባል ተብሎ ማታ 2 ሰዓት ይገባል። ብቻዋን፣ በጨለማ፣ ለአንድ ጥንድ ጫማ።

ብዙ ጊዜ ይደርሳል፣ አልዋሽም። ረዳቶቹ አደራ ያውቃሉ። ግን አንድ ጊዜ ስድስት ጥንድ ላክሁ፣ የማን አውቶቡስ እንደሆነ አልናገርም፣ ረዳቱ ስልኩን ዘጋ። በቃ። ደረሰኝ የለ፣ መዝገብ የለ፣ የምከሰው ሰው የለ። ደንበኛዋ የታርጋውን ፎቶ ግሩፕ ላይ ለጥፋ "ሌባ" አለችኝ። ብሯን ከኪሴ መለስኩላት፣ ስሜ ግን እስካሁን አልተመለሰም።

እና ፖስታ ቤት ያስፈልጋል ወይ ስትሉኝ፣ ለኔ ያስፈልገኛል። ግን እኔ የሚያስፈልገኝን ልዘርዝር፣ ጋሼም ካሉ ይስሙኝ። ቁጥር ያለው ደረሰኝ፣ እቃው የት እንደደረሰ በስልክ የሚታይበት። ደንበኛዋ ከሥራ ስትወጣ ክፍት የሆነ መስኮት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብሩን መስኮቱ ይያዝልን። የኔ ትልቁ ችግር ማመላለሻ አይደለም፣ እምነት ነው። ደንበኛዋ "እቃው ሳይደርሰኝ አልከፍልም" ትላለች፣ እኔ "ሳትከፍይ አልልክም" እላለሁ፣ ሁለታችንም ልክ ነን። በመሀል አንድ ሁለታችንም የምናምነው መስኮት ቢኖር፣ እቃውን አይታ ብሩን እዛው ብትከፍል፣ መስኮቱ ድርሻውን ቆርጦ ለኔ በቴሌብር ቢልክልኝ፣ ሽያጬ በእጥፍ ያድጋል። ይሄን ሞተረኞቹ አዲስ አበባ ውስጥ ይሠሩታል። ጅማ ላይ ማን ይሥራልኝ? ጅማ ላይ መስኮት ያለው ማነው?

ጡረተኛው

እህቴ፣ ያልሽው አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ህንዶች ይህንኑ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በፖስታ ሲሠሩበት ኖረዋል። ፖስታ ቤቱ እቃውን ያደርሳል፣ ዋጋውን ከተቀባዩ ይሰበስባል፣ ለላኪው በሐዋላ ይልካል። የፖስታ ሐዋላ ማለት እኮ እምነትን በቅጽ መሙላት ነበር። እኛም ጋ ሐዋላው ነበር፤ በየከተማው ባንክ ሲከፈት ሳሳ፣ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲመጣ ደግሞ ለማስታወስ እንኳ የሚከብድ ሆነ።

ስለ ረዳቱ ያልሽው ግን አሳቀኝ። ፖስታም እኮ ከረጢቱን በአውቶቡስ ነው ሲልክ የኖረው። መንገዱ ያው ነው። ልዩነቱ ከረጢቱ በእርሳስ ማኅተም ይታሸጋል፣ ያስረከበውም የተረከበውም ይፈርማል። አንቺ የጎደለሽ አውቶቡሱ ሳይሆን ፊርማው ነው።

ደብዳቤ አዳይ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይሄን ክር እየሳቅሁ ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም እኔ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ፖስተኛ ነኝ። በነጩ መኪና፣ መሪው በቀኝ በኩል የሆነው። ሰባት ዓመቴ። አገር ቤት ሳለሁ ፖስታ ቤት የገባሁት የዲቪ ሎተሪ ፎርም ልልክ ብቻ ነበር፣ ያኔ በወረቀት ሳለ። (የዛን ጊዜ ሰልፍ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።)

እዚህ ያለውን ላካፍላችሁ። የአሜሪካ ፖስታ ለሥራው ግብር አይቀበልም፣ ቴምብር ሸጦ ነው የሚኖረው። ተራው ደብዳቤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከ103 ቢሊዮን በላይ ነበር፣ አሁን ከዛ ከግማሽ በታች ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮንግረሱ አንድ ሕግ አወጣበት፣ ገና ጡረታ ያልወጡ ሠራተኞችን የጤና ወጪ ከአሥርታት በፊት አስቀድመህ አጠራቅም የሚል፣ በዓመት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ። ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሸክም አልነበረበትም። ከዛ በየዓመቱ "ፖስታ ከሰረ፣ ይሸጥ" የሚል ዜና። ሕጉ በ2022 እ.ኤ.አ. ተሻረ። ኪሳራው ግን ከዛም በኋላ አልቆመም፣ ስለዚህ ሁሉንም በሕጉ ላይ ማላከክ አልፈልግም። የምለው፣ አንድ ድርጅት ከሰረ ሲባል ውድድሩ ነው ያከሰረው ወይስ የጫኑበት ነገር ብላችሁ ጠይቁ ነው።

አሁን ጫማ ሻጯ እህታችን ያለችውን የሚያጠናክር ነገር ልናገር። እዚህ ትልልቆቹ የግል ድርጅቶች ለብዙ ዓመታት ተፎካካሪዎቻችን ብቻ ሳይሆኑ ደንበኞቻችንም ነበሩ። ጥቅሉን በራሳቸው አውሮፕላንና መኪና አምጥተው ሰፈሩ ፖስታ ቤት ጋ ያራግፉታል፣ እኔ ቤት ለቤት አደርሰዋለሁ። ለምን? እኔ ለማንኛውም በየቀኑ በዛ በር ላይ ስለማልፍ። እነሱ ለአንድ ጥቅል መኪና ቢልኩ ይከስራሉ። አማዞንም እንዲሁ፤ እሑድ መሥራት የጀመርነው በሱ ምክንያት ነው፣ በ2013 እ.ኤ.አ.። ኋላ ላይ የራሱን መኪና በየሰፈሩ አሰማራና አሁን ጠዋት ጠዋት አንድ መንገድ ላይ እንገናኛለን፣ እጅ እንነሣሣለን። በጣም ሩቅ ያለውን ግን አሁንም ለኛ ይተውልናል።

ሩቅ ስል ደግሞ፣ ጋሼ ይሄን ይወዱታል፦ አሪዞና ውስጥ ግራንድ ካንየን ገደል ሥር ሱፓይ የምትባል የቀደምት ሕዝቦች መንደር አለች። ፖስታዋ እስከ ዛሬ በበቅሎ ነው የሚወርደው። በበቅሎ! ቴምብሩ ደግሞ እኔ እዚህ ጎረቤት ለጎረቤት ከማደርሰው ጋር አንድ ዋጋ። እዛ በቅሎ የሚልክ የግል ኩሪየር እስካሁን አልመጣም።

ቀጥታ ተናጋሪ

በቅሎማ እኛም አለን 😂 ግን ወንድሜ፣ አሜሪካ ሀብታም ናት፣ ለበቅሎዋም ትከፍላለች። እኛ ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ሳናደርስ ለደብዳቤው በቅሎ እንቀጥር?

ደብዳቤ አዳይ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እሱ ልክ ጥያቄ ነው። በሱፓይ በቅሎዎችም ላይ ግን የሚጫነው ደብዳቤ ብቻ አይደለም፣ ምግብም ነው። ያንተንም መድኃኒት ያው በቅሎ ሊይዘው ይችላል ለማለት ያህል።

ዴንማርክ ብርዱ

ከኮፐንሃገን ነኝ። "ደብዳቤ ሞቷል" ላላችሁት፣ እዚህ በእርግጥ ቀብረውታል።

ፖስትኖርድ የሚባለው የዴንማርክና የስዊድን መንግሥታት ድርጅት ዴንማርክ ውስጥ ደብዳቤ ማደሉን በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አቁሟል። የመጨረሻው ደብዳቤ የታደለው ታኅሣሥ 30 በነሱ አቆጣጠር ነው። ሥራው ከ1624 ጀምሮ የነበረ ነው፣ ከ400 ዓመት በላይ። ከ2000 ወዲህ የደብዳቤው ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ ወረደባቸው፣ ምክንያቱም እዚህ መንግሥት ራሱ ደብዳቤውን በዲጂታል ነው የሚልክልህ፣ የሆስፒታል ቀጠሮም የግብርም። በዛ ላይ በ2024 አዲስ ሕግ ወጥቶ ገበያውን ከፈተው፣ የቴምብሩም ዋጋ ሰማይ ነካ፣ አንድ ደብዳቤ 29 ክሮነር። ከዛ ማን ይጽፋል?

1,500 የሚሆኑ ቀይ የመንገድ ሳጥኖች ነበሩ፣ ነቃቀሏቸው። የተወሰኑትን ለበጎ አድራጎት ሲሸጡ ሰው ተሻምቶ ጨረሰው፤ ደብዳቤ የማይጽፍበትን ሳጥን ለግቢው ጌጥ ገዛው። ጎረቤቴ አንዱን አግኝታ አበባ ተክላበታለች።

ግን ልብ በሉ፣ ድርጅቱ አልተዘጋም። ወደ ጥቅል ነው የዞረው፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚገዛው ብዙ ስለሆነ። ደብዳቤውን ደግሞ ሌላ የግል ድርጅት ወስዶታል፣ ደብዳቤ የሚልክ ሰው ሱቅ ውስጥ ያስረክባል። አቅመ ደካሞች ላይ ጫናው እንደጨመረ ይሰማኛል፤ ፎቁ ላይ ያሉ አንድ የ80 ዓመት ሴትዮ በዲጂታሉ ነገር ሲቸገሩ ሁልጊዜ እኔን ነው የሚያንኳኩት። እኔ ስደተኛዋ የነሱን አገር ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ። ይሄም ዕድል ነው።

እኛ ግን ዴንማርክ አይደለንም። እዚህ ደብዳቤውን የተካ ነገር መጀመሪያ ሁሉም እጅ ገብቶ ነው ደብዳቤው የተተወው። አገር ቤት እናቴ ያለችበት ኔትወርክ በሳምንት ሦስት ቀን ከመጣ ጥሩ ነው።

ናይሮቢ ኢስሊ

አጭር ነገር ልጨምር። እዚህ ኬንያም ፖስታው ያው እንደኛ በሳጥን ነው የተሠራው፣ ችግሩም ብዙ ነው። ግን ሁለት ነገር ወድጄላቸዋለሁ። አንደኛ፣ ኤምፖስት የሚባል አገልግሎት አለ፣ የሞባይል ቁጥርህ ራሱ የፖስታ ሳጥንህ ይሆናል። እቃ ሲመጣ መልእክት ይደርስሃል። ካላንደር ሦስት ዓመት አይቀመጥም ማለት ነው 🙂 ሁለተኛ፣ ሁዱማ ሴንተር የሚሏቸው፣ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ሌላም የመንግሥት ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያልቅባቸው ቦታዎች አሉ፣ ከነሱም ፖስታ ቤት ሕንፃ ውስጥ የተከፈቱ አሉ። ሕንፃው አልተሸጠም፣ መስኮቱ ሌላ ሥራ ተሰጠው።

ጡረተኛው

ተባረክ። እኔም ልለው የፈለግሁት ይህንኑ ነው። እኛስ ብንሆን ፓስፖርት ከፖስታ ቤት መስኮት ስንቀበል አልነበረም? ያኔ "ፖስታ ሞቷል" ያለ ሰው አልሰማሁም፣ ሁሉም ተሰልፎ ነበር።

ስለ ሳጥንና ስልክ ያልከው ደግሞ ልቤን ነካው። ሳጥኑን ያስረጀው ብረቱ አይደለም፤ ደብዳቤ መግባቱን ባለቤቱ የሚያውቀው ሄዶ ሲከፍት ብቻ መሆኑ ነው። ድሮ ሰው በየሳምንቱ ለሌላ ጉዳይ መሀል ከተማ ይመጣል፣ እግረ መንገዱን ይከፍታል። አሁን ሁሉ ነገር ሰፈሩ ስላለ አይመጣም። አንዲት አጭር መልእክት፣ "ሳጥንዎ ውስጥ አንድ ነገር አለ" የምትል፣ ብትኖር የሰርጉ መጥሪያ በጊዜው ይደርስ ነበር።

ግን አንድ ነገር ላይ ከሁላችሁም እለያለሁ። ሁላችሁም "ጥቅል ያድነዋል" አላችሁ። ጥቅሉም ቅቤ ነው። አዲስ አበባ ሞተረኛው ወስዶታል፣ ነገ ትልልቅ ከተሞችን ይወስዳል። ለፖስታ ቤት የሚቀረው እንደገና ሩቁ ነው። ስለዚህ ወይ ሩቁን ለማድረስ መንግሥት በግልጽ ይክፈለው፣ ወይ በከተማው የሚያተርፉት ሁሉ ለሩቁ ድርሻ ያዋጡ፣ ይህንንም ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ይዘዝ። ሦስተኛው መንገድ አሁን ያለው ነው፦ "እንደ ነጋዴ ተወዳደር፣ እንደ መንግሥት አድርስ" ማለት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ቀጥታ ተናጋሪ

እሺ ጋሼ፣ "ሽጡት" ያልኩትን ትንሽ ላሻሽለው። ሕንፃውን ሳይሆን ሰዓቱን ይቀይሩት። ማታ እስከ 2 ሰዓት ክፍት፣ ቅዳሜም እሑድም። መስኮቱ ሀብት ነው ካላችሁ፣ ሰው ሥራ ላይ እያለ የሚከፈት መስኮት ግድግዳ ነው። ድርሻ አዋጡ የሚለው ላይ ግን አልስማማም፣ ሞተረኛው ልጅ በነዳጅ ዋጋ ተንገብግቦ ያገኛትን ለጎሬ አያዋጣም።

ጡረተኛው

ሞተረኛው አላልኩም፣ ባለ አውሮፕላኑን ነው ያልኩት። በሰዓቱ ግን ተስማምተናል።

ባለቁልፉ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እውነት። ዛሬ ጠዋት ሄጄ የአንድ ዓመት ኪራይ ከፈልኩ። ለምን እንደከፈልኩ ባለቤቴ ጠይቃኝ የረባ መልስ አልነበረኝም። ምናልባት ቁጥሯን ማኅተም ላይ ስላየኋት ይሆናል፣ ሱቁን አሁን የሚሠራው ወንድሜ ነው፣ ማኅተሙም ያው ነው። በዓመቱ ተመልሼ እነግራችኋለሁ፣ ካላንደር ብቻ ከሆነ ቁልፉን እመልሳለሁ።

ለሙሽሮቹ ደወልኩላቸው ደግሞ። "እንኳን ደስ አላችሁ፣ መጥሪያችሁ ዛሬ ደረሰኝ" አልኳቸው። ስልኩን ለልጁ ሰጡት።

ጫማ በቴሌግራም

😂😂 ጋሼ፣ እኔ በዚህ ሳምንት ለሙከራ ሦስት ጥንድ በፖስታ ወደ ጅማ ልልክ ነው። ለረዳቱ የምከፍለውና ለፖስታው የምከፍለው ስንት እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደደረሰ እዚሁ እጽፋለሁ። በማዳበሪያ ልስፋው ወይስ በካርቶን ይሻላል?

ጡረተኛው

በካርቶን። ከላይ ሌላ እቃ ስለሚጫንበት ማዳበሪያው ጫማውን አያድነውም። ገመድ አትሰሪበት፣ ይጠላለፋል፤ ፕላስተር ዙሪያውን ሁለት ጊዜ አዙሪበት፣ ማዕዘኖቹ ላይ ሦስት ጊዜ። ሳታሽጊው ውሰጂው፣ እዛ አይተው ነው የሚታሸገው። የተቀባይዋን ስምና ስልክ ከላይ ብቻ አትጻፊ፤ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከጫማው ጋር ውስጥ አድርጊ። ማርከር በዝናብ ይጠፋል።